በሰው አገር ብስክሌት ስንነዳ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

በሰው አገር ከተማ ብስክሌት ለመንዳት ጉልበት ያለው ሰው አይጠፋም። አደጋ ላይ የሚጥለን ልማድ ነው። እጃችንና ዓይናችን አንድ ጊዜ የለመዱትን ሳያማክሩን ያደርጉታል፤ እዚያ ትክክል የነበረው እዚህ ስህተት ሆኖ ይቆየናል።

ከፍሬን ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነውና። በብሪታንያ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያ በተለምዶ የፊት ጎማ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው። በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ በግራ እጅ ነው። ሰው ድንገት መንገድ ውስጥ ሲገባብን ለማሰብ ጊዜ የለም፤ እጅ የለመደውን ይጨብጣል። የኋላውን የያዝን መስሎን የፊቱን አጥብቀን ከጨበጥን፣ ጎማው ቀጥ ሲል ሰውነታችን ወደፊት ይቀጥልና በመሪው ላይ ተሻግረን እንወድቃለን። ስለዚህ አዲስ ብስክሌት ስትረከቡ ሳትወጡበት ወደፊት እየገፋችሁ አንዱን የፍሬን እጀታ ብቻ ጨብጡ። የኋላው ጎማ ከመሬት ከተነሳ የያዛችሁት የፊቱን ነው፤ ሳይሽከረከር ከተጎተተ የኋላውን። ከዚያ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ እየነዱ መቆምን ተለማመዱ።

በኔዘርላንድ፣ በዴንማርክና በጀርመን ደግሞ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን ያላቸው ብስክሌቶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ፔዳሉን ወደኋላ አሽከርክሮ ለመነሻ ማመቻቸት አይቻልም፤ ስለዚህ ስትቆሙ አንዱ ፔዳል ከፍ ብሎ ይቅር። ከረሳችሁ ኮርቻውን ይዛችሁ የኋላውን ጎማ አንሡና ፔዳሉን ወደፊት አዙሩት። ከሁሉ በላይ ግን ካቴናው ከወለቀ ይህ ፍሬን አብሮት ይጠፋል። የፊት የእጅ ፍሬን የሌለውን እንዲህ ያለ ብስክሌት ቁልቁለት ባለበት ከተማ ባትይዙት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዓይን ልምጣ። በግራ ከሚነዳበት አገር በቀኝ ወደሚነዳበት፣ ወይም በተቃራኒው የሄደ ሰው የሚሳሳተው መኪና በበዛበት ሰዓት አይደለም። ያኔ ሌሎቹን እየተከተለ ይሄዳል። የሚሳሳተው ጭር ባለ ጠዋት፣ ከግቢ ሲወጣ፣ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ጨርሶ ሲታጠፍ ነው። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ቆም ብላችሁ «የኔ ጎን የትኛው ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በቀኝ በሚነዳበት አገር መጀመሪያ የሚደርስባችሁ መኪና ከግራ ነው የሚመጣው፤ በግራ በሚነዳበት ከቀኝ።

መንገዱን አቋርጦ መታጠፍ ከከበዳችሁ በሁለት ደረጃ ታጠፉ። መስቀለኛውን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ ማዶ ጥግ ላይ ቁሙ፣ ብስክሌቱን አዙሩ፣ የአዲሱን አቅጣጫ መብራት ጠብቁ። በዴንማርክ ብስክሌተኛ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይህን እንዲያደርግ ሕጉ ያስገድዳል፤ በሌላውም አገር ቢሆን ለእንግዳ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም።

ቅድሚያም እንዲሁ ያሳስታል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ምልክት በሌለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል፤ የሚመጣበት መንገድ ጠባብ ቢሆንም። በብሪታንያ ይህ ሕግ የለም። አስፋልቱ ላይ ጫፋቸው ወደ እናንተ የዞረ ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ካያችሁ ቅድሚያ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ስለ ከባድ መኪና አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። መብራት ላይ የቆመ ከባድ መኪናና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ይጋብዛል። አትግቡበት። መኪናው ወደዚያው ጎን ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ጠርዙን ተጠግተው ያልፋሉ። ሹፌሩም ያንን ቦታ ላያይ ይችላል። የብስክሌት መስመር ተቀብቶ ቢያስገባችሁ እንኳ ከኋላ ቆዩ። እናንተ ቀድማችሁ ቆማችሁ እሱ አጠገባችሁ ከመጣ፣ ወርዳችሁ ወደ እግረኛ መንገዱ ውጡ። በስፖኪዮው የሹፌሩን ፊት ካላያችሁ እሱም አያያችሁም።

ከቆሙ መኪኖች ቢያንስ 1 ሜትር፣ ሲቻል 1.5 ሜትር ራቁ፤ በር ሳይታሰብ ይከፈታል።

የከተማ ባቡር ሐዲድ ባለበት፣ ቦዩ ቀጭን ጎማ ይውጣል። ከኋላ የሚመጣ አለመኖሩን ዞራችሁ እዩ፣ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩና ሐዲዱን ወደ 90 ዲግሪ ተጠግታችሁ ተሻገሩት። ዝናብ ከሆነ ብረቱ ላይ እያላችሁ ፍሬን አትያዙ፣ መሪም አትጠምዝዙ።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ። ጎማችሁ ጎን ላይ እንደ 37-622 ያለ ቁጥር አለ። 37 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 622 ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር። የኢንች አጠራር ከአገር አገር ይምታታል፤ ይህ ግን የትም አንድ ነው። ቁጥሩንና የመንፊያውን ቫልቭ ፎቶ አንሥታችሁ ካሳያችሁ፣ ቋንቋውን ባትችሉም ትክክለኛውን ካላማዳሪ ታገኛላችሁ።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ «ምንም አልሆንኩም» ብላችሁ አትሂዱ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ መኪናው ግን ሄዷል። ታርጋውን፣ ቦታውንና ብስክሌቱን ፎቶ አንሡ፣ ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ። የማታነቡት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የአደጋ ጥሪው 112 ነው፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ የአገሩን ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ብስክሌት ይዛችሁ የመጣችሁ አሁን አብረን ወደ ውጭ እንውጣ፤ የየትኛው እጅ ፍሬን የፊቱን እንደሚይዝ እየገፋን እንየው። አመሰግናለሁ።