በሐበሻ ሰዓት

ውድ የሳተላይት ተመልካቾች ማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ? ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አምና ጥር ላይ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በባሕር ዳር ሰማይ ሊያልፍ ነው ብዬ መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ። ስልኬ 7:20 አለኝ፤ እኔም «ማታ 7:20» ብዬ ጻፍሁ። ስልኩ የሚቆጥረው ግን በፈረንጅ ነው። በእኛ ምሽት 1:20 ማለቱ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ጋቢውን ደርቦ በውድቅት ሌሊት ጣና ዳር ተገተረ። ያዩት ነገር ቢኖር ሣር ሊግጥ የወጣ ጉማሬ ብቻ ነው።

በዚያ ሰዓት ጣቢያው አናታችን ላይ ቢያልፍም አናየውም ነበር። ለዓይናችን የሚበራው በፀሐይ ነዋ! ከ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ፣ እኛ ጋ ሲጨልም እሱ ጋ ገና ፀሐይ አለ። ሜዳው ጨልሞ የተራራው ጫፍ እንደሚቀላው ማለት ነው። ውድቅት ላይ ግን እሱም የምድር ጥላ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሥራችን ከመሸ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወይም ከንጋት በፊት ያለችው ናት።

ሰንሰለት መስሎ የሚሄድ ብርሃን አይታችሁ በድንጋጤ የደወላችሁልኝ አላችሁ። ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው። በአንድ ሮኬት የመጠቁት ሳተላይቶች ገና ሳይራራቁ ነው ያያችኋቸው። ብልጭ ድርግም የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን ነው፤ አትደውሉልኝ።

ዘንድሮ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ደብተር ያዙ። «አየሁ» ብቻ አይበቃም። በየትኞቹ ሁለት ኮከቦች መካከል አለፈ? ስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሰከንድ ላይ? ጣቢያው በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ አንድ ሰከንድ ስትስቱ ከባሕር ዳር መሀል ወጥታችኋል። መንገዳቸው በይፋ የማይነገር ወታደራዊ ሳተላይቶችን እንደ እኛ ያሉ አማተሮች የሚከታተሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ለአገራችንም አዲስ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ደብረ ዘይት ላይ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ ተቋም የሳተላይት መከታተያ ካሜራ ነበረ።

ደመና ጋርዷችሁ ካላያችሁም እሱኑ ጻፉት።

ዛሬ ምሽት አንድ ሳተላይት ያልፋል። ሰዓቱን ጸሐፊያችን ሰሌዳው ላይ ጽፋዋለች፤ በሐበሻ አቆጣጠር። እኔ አልነካሁትም።