ካሜራውን እንደ ሚዛን ዜሮ እናድርገው፦ ቀለምና ብርሃንን በትክክል መለካት

ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳይ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለውንም፣ የሀበሻ ቀሚስ በፎቶ የሚሸጠውንም፣ የብራና መጽሐፍ ገጽ በገጽ የሚያነሳውንም እኩል ይመለከታል። ጥለቱ ፎቶው ላይ ደማቅ ቀይ ነበር። ደንበኛዋ እጅ ሲገባ ወደ ብርቱካን ያደላል። ቀሚሱ ተመልሶ መጣ። ማን ዋሸ? ሻጭዋ አልዋሸችም፤ ካሜራውም አልዋሸም። ካሜራው ዜሮው ያልተስተካከለ ሚዛን ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ይቺን የሚዛን ምሳሌ በደንብ ያዙልኝ። ዛሬ ከእሷ ጋር ነው የምንውለው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ዲጂታል ሚዛን፣ ባዶ ሳህን]

መርካቶ በርበሬ ተራ ገባችሁ እንበል። ነቃ ያለ ገዢ መጀመሪያ ምን ይላል? «እትዬ፣ እስቲ ሳህኑን ባዶ አድርገው ያሳዩኝ።» «ይኸው ዜሮ ነው ልጄ።» ገዢው ጎንበስ ብሎ ያያል። ሚዛኑ ባዶውን 40 ግራም ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ሁሉ 40 ግራም ትርፍ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። አምስት ኪሎ በርበሬ ላይ 40 ግራም ማንም ልብ አይለውም። መቶ ግራም ኮረሪማ ላይ ግን 40 ግራም ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም! እንግዲህ የዜሮ ስሕተት የሚጎዳው ትንሹን ነው። ካሜራ ላይም እንደዚያው፤ የሚጎዳው ጨለማውን ነው። ጥቁሩን ጥልፍ፣ ጥላ ውስጥ ያለውን እጥፋት፣ የብራናውን ጥቁር ቀለም።

ቀጥሎ፣ ዜሮው ልክ ሆነ። ሚዛኑ «አንድ ኪሎ» ሲል ግን እውነት አንድ ኪሎ ነው? ይህን የምታውቁት ክብደቱ የታወቀ የብረት መመዘኛ ሳህኑ ላይ ስታስቀምጡ ብቻ ነው። ሌላ መንገድ የለም። ሚዛኑን ትክ ብላችሁ በማየት አታውቁትም፤ ውድ በመሆኑም አታውቁትም።

ደግሞ ሳህኑ አለ። ከረጢቱን መሐል ስታስቀምጡት አንድ ቁጥር፣ ጠርዝ ላይ ስታስቀምጡት ሌላ ቁጥር የሚያወጣ ሚዛን አጋጥሟችሁ ይሆናል። የካሜራ ሌንስ ሁሉ እንደዚህ ነው። ሁሉም! መሐሉ ብሩህ፣ ጠርዙ ደብዘዝ ያለ። ብርሃን በ30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሲገባ፣ በቀላል ሌንስ ላይ ከመሐሉ 56 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ጠርዝ የሚደርሰው።

ባዶ ሳህን፣ የታወቀ መመዘኛ፣ የሳህኑ ጠርዝ። ካሊብሬሽን ማለት እነዚህ ናቸው። ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚህ ላይ አድርጉና እንቀጥል።

ባጭሩ፦ ሮው ካሜራው ሳያሳምር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ነው፤ አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ሻተር ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው የብርሃኑን ምልክት የሚያጎላበት መጠን። ለልኬት ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ አይሆንም። ጄፔግ ለዓይን እንዲያምር ተጎብጦ የወጣ ቁጥር ነው። ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ከ255 ላይ 46 መሆን ሲገባው በተለመደው የስክሪን ቀለም ደረጃ፣ በኤስአርጂቢ፣ 118 ሆኖ ይቀመጣል። ሮው ላይ ግን ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ዜሮው ከተቀነሰ ነው።

እንቀንሰው። የሌንሱን ክዳን ግጠሙ፣ በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ (ቪውፋይንደር) ካለ ሸፍኑት። በምታነሱበት ሻተር፣ በምታነሱበት አይኤስኦ፣ ካሜራው በሠራበት ሙቀት 16 ፎቶ አንሱ። አማካዩን አውጡ። 16 ሲሆን ፎቶው ላይ በዘፈቀደ የሚረጨው ነጠብጣብ (ኖይዝ) በ4 እጥፍ ይቀንሳል። የምታገኙት ቁጥር ዜሮ አይሆንም፤ አምራቾች ሆን ብለው ከፍ አድርገው ነው የሚጀምሩት። 512 ነው እንበል። አንዱ ጨርቅ 1024፣ ሌላው 2048 ቢያወጣ «ግማሽ ነው» ትላላችሁ። 512 ሲቀነስ ግን 512 እና 1536 ናቸው፤ አንድ ሦስተኛ ነው! ኮረሪማዋን አስታወሳችሁ?

ጠርዙን ለማስተካከል አንድ ወጥ የሆነ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ወይም ግራጫ ሰሌዳ ዕቃው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድርጉና አንሱ። ያው መብራት፣ ያው ርቀት፣ ያው አፐርቸር፣ ያው ፎከስ። ቁጥሩ ከጣሪያው ግማሽ አካባቢ ይሁን። ሰሌዳውን ሩብ ዙር እያዞራችሁ አራት ጊዜ አንሱና አማካዩን ውሰዱ፤ ሰሌዳው ራሱ ላይ ያለ ነጥብ እንዳይገባባችሁ። ከዚያ ሒሳቡ አጭር ነው፦ ከፎቶው ጨለማውን ቀንሱ፣ ከሰሌዳውም ጨለማውን ቀንሱ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፣ በሰሌዳው አማካይ አባዙ። ካሜራው ውስጥ ያለውን የጠርዝ ማስተካከያ አጥፉት። ሁለት ጊዜ ከተስተካከለ ጠርዙ ከመሐሉ በልጦ ይበራል።

መብራት ላይ ግን ቆም እንበል፤ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ1/1000 ሻተር ካነሳችሁ አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ደብዛዛ፣ ሌላው ባለ መስመር ይሆናል። 1/100 ወይም 1/50 ተጠቀሙ፤ አንዱ መርገብገብ ሙሉ በሙሉ ይግባ። ጄነሬተር ላይ ከሆናችሁ 50ው ራሱ ስለሚዋዥቅ ሻተሩን ረዘም አድርጉ፣ ግማሽ ሰከንድም ቢሆን፤ ትራይፖድ ላይ ናችሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው አትጀምሩ። ኤልኢዲው እስኪሞቅ ብሩህነቱም ቀለሙም ይንሸራተታል። 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ የቀለም ቻርቱንም (ወደ ኋላ የምናየውን ባለ ብዙ ቀለም ሰሌዳ) እንደገና አንሱ።

ሁለት መብራት፣ ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ። ካሜራው ቀጥ ብሎ። በሉክስ መለኪያ (የሚያርፈውን ብርሃን በሚለካው) አራቱን ማዕዘንና መሐሉን ለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ። መጋረጃ ዝጉ፤ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ተቀላቅሎ የሚስተካከል ቀለም የለም። ስለ ልብስም ልንገራችሁ፦ ቀይ ሹራብ ለብሳችሁ ነጭ ነጠላ ፊት ከቆማችሁ ነጠላው ሮዝ ይላል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰማያዊ ሸራ ከተወጠረ ዕቃው ሁሉ ሰማያዊ ይጠጣል። ጥቁር ወይም ግራጫ ልበሱ፣ ከሸራው ራቁ።

አምፖል ስትገዙ የቀለም አወጣጥ መጠኑ (ሲአርአይ) 95 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጉ፣ በተለይ «አር 9» የሚባለውን ቁጥር ጠይቁ። ይህ ደማቁን ቀይ የሚመለከት ነው። ጥለት ቀይ ነው፤ የብራና አርእስት ቀይ ነው። አር 9 የሌለው አምፖል እነሱን ያጠወልጋቸዋል፤ መብራቱ ውስጥ ያልነበረውን ቀይ የትኛውም ሶፍትዌር መልሶ አያመጣውም።

አሁን ተመልካቾች ደጋግማችሁ ወደምታነሱት። «ግሬይ ካርድ፣ ያንን ቀለም የሌለውን ግራጫ ካርድ፣ ለምን እገዛለሁ? ነጭ ወረቀት አለ፤ ነጠላም አለ፤ ከነጠላ የበለጠ ነጭ ምን አለ?»

ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በደንብ እንየው። ሱቆች ፎርጅድ ብር የሚለዩበት ሰማያዊ መብራት አለ አይደል? አንዱን አስፈቅዳችሁ ተራ የኮፒ ወረቀት ከሥሩ አድርጉ። ወረቀቱ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ሆኖ ቦግ ይላል። ራሱ ያበራል! ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ማንጫ ይጨመርበታል። ማንጫው ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ይውጥና ሰማያዊ አድርጎ ይተፋዋል። ያንኑ ነጠላችሁን ከመብራቱ ሥር አድርጉ። ጥጡ ከእንዝርት ሲወርድ ወደ ክሬም የሚያደላ ነበር፤ በዱቄት ሳሙና ከታጠበ በኋላ ግን እሱም ቦግ ሊል ይችላል፤ ብዙ የዱቄት ሳሙና ይኸው ማንጫ አለበት።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐያችን አልትራቫዮሌት አላት። ደጅ ላይ ወረቀቱ ሰማያዊ ይጨምራል፤ ቤት ውስጥ በኤልኢዲ ሥር አልትራቫዮሌት ስለሌለ አይጨምርም። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ነጭ። ደጅ ላይ «ነጭ ይኸው» ብላችሁ ለካሜራው ስትሰጡት፣ ያንን ሰማያዊ ለማጥፋት ሁሉንም ነገር ወደ ቢጫ ይጎትተዋል። ወርቁ ከልክ በላይ ቢጫ ይሆናል፣ የሰው ፊት ያመው ይመስላል። ሚዛኑ ላይ ያስቀመጣችሁት መመዘኛ፣ ፀሐይ ሲነካው ክብደት የሚጨምር ድንጋይ ነበር ማለት ነው።

ግሬይ ካርድ ለመግዛት የማይመች ከሆነ አንድ መፍትሔ አለ፤ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ነጭ ቴፍሎን ቴፕ። ከኋላው ያለው እስከማይታይ ድረስ ደራርቡና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጠቅልሉት። ቴፍሎን ቀለማቱን ሁሉ እኩል ይመልሳል፤ በሰማያዊው መብራት ሥርም ጭጭ ነው። ለዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩን ነጭ አድርጎ ለማስተካከል፣ ከወረቀት እጅግ ይሻላል። በእጃችሁ አትዳብሱት።

ወደ ቀለሙ ማትሪክስ፣ ማለትም የካሜራውን ቀለም ወደ እውነተኛው ወደሚቀይረው የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ፈጠን ብዬ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚታወቀውን ባለ 24 ቀለም ቻርት ዕቃው ቦታ ላይ አድርጉ። ነጩ ካሬ ከሦስቱ ቻናሎች (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) በከፍተኛው ከጣሪያው 80 በመቶ አካባቢ ይድረስ፤ አንዱም ጣሪያውን አይንካ። ጨለማውን ቀንሱ፣ ለሰሌዳው አካፍሉ፣ በታችኛው ረድፍ ግራጫዎች ዋይት ባላንስ አድርጉ። ከየካሬው መሐል አማካይ ውሰዱ። እነዚያን ከቻርቱ እውነተኛ እሴቶች ጋር የሚያገናኝ 9 ቁጥር ያለው ማትሪክስ በሊስት ስኩዌር (የስሕተቶቹን ካሬ ድምር በሚያሳንስ ሒሳብ) ይወጣል። ግራጫ ግራጫ እንዲቀር የየረድፉ ድምር 1 ይሁን። ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። ውጤቱን በዴልታ ኢ 2000፣ የሁለት ቀለሞችን ልዩነት በሚለካው ቁጥር፣ እዩ፦ አማካዩ ከ2 በታች ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ 5 ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መብራቱ ላይ ነው። መፈተሻው ደግሞ ማትሪክሱ ያላያቸው ቀለማት ላይ ይሁን።

ፍጹም ግን አይሆንም። ጥለት ስትመርጡ ጨርቁን ይዛችሁ ወደ በሩ የምትወጡት ለምንድን ነው? ሱቅ ውስጥ አንድ የነበሩ ሁለት ቀይ ክሮች ደጅ ላይ ስለሚለያዩ። የካሜራ ሦስቱ ፊልተሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 ከተደነገገው መደበኛ የሰው ዓይን ጋር አንድ አይደሉም። ለእኛ የሚለያዩ ሁለት ክሮች ለካሜራው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራችሁ ጥለት ብቻ ከሆነ፣ በመለኪያ መሣሪያ የተለኩ የጥለት ክሮች ከቻርቱ ጎን ጨምሩ።

ብሩህነትን በካንዴላ (ከአንድ ስኩዌር ሜትር ገጽ ወደ ዓይን በሚመጣ ብርሃን) መለካት ለምትፈልጉ፦ ግሬይ ካርዱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በሉክስ ለኩ፣ በ0.18 አባዙ፣ ለ3.14 አካፍሉ። 1000 ሉክስ ከሆነ ካርዱ 57.3 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር ነው። የአረንጓዴው ቻናል ቁጥር፣ ጨለማው ተቀንሶ፣ 2865 ካለ፣ በዚያ ሴቲንግ 50 ቁጥር ማለት 1 ካንዴላ ነው። 5000 ያለ ነጥብ 100 ካንዴላ ሆነ ማለት ነው። አፐርቸሩን ወይም አይኤስኦውን ከነካችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። የስልክ ሉክስ አፕ ለዚህ አይታመንም፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃንን በትክክል አይቀበልም።

ቻርቱንም ካርዱንም ፖስታቸው ውስጥ፣ ከፀሐይና ከዘይታም ጣት አርቁ። በየሁለት ዓመቱ ይቀየሩ። የጨለማውን፣ የሰሌዳውንና የቻርቱን ፎቶ ከሥራው ፎቶ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ቪዲዮ ሞኒተር ላይ ነው፤ ለጥለት ነጋዴዎችና ለብራና ሠራተኞች ሼር አድርጉልኝ።