ጆይስቲኩን ከመውቀሳችን በፊት

ክቡራትና ክቡራን የሊኑክስ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራው ስለ ጨዋታ ነው። ስልኩን መሃል አስገብተው ግራና ቀኝ ይዘው ስለሚጫወቱበት ጆይስቲክ። ሬዘር ኪሺን፣ ባክቦንን የመሳሰለውን ማለቴ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አንድሮይድና አይፎን ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው «ለኛ ስልክ»፣ ማለትም ሊኑክስ ለሚሠራበት ስልክ፣ «አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። እኔ ደግሞ ጆይስቲኩ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም እላለሁ። መጠየቅ ያለበት ስልኩ ነው።

የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት፣ ከጆይስቲክ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ለኤክስቦክስ ኤክስፓድ የተባለው ድራይቨር (ከርነሉን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከድሮም ነበረ። አዲሱ የፕሌይስቴሽን ድራይቨር በ2021 ከከርነል 5.12 ጋር መጣ፤ የኔንቲንዶው በ2022 መጀመሪያ ከ5.16 ጋር። ስልክ ላይ የሚገጠሙት ብዙዎቹ ጆይስቲኮች ከነዚህ አንዱን መስለው ነው የሚቀርቡት፣ ካልሆነም ተራ የዩኤስቢ ጌምፓድ ነን ይላሉ። ስለዚህ ለመጫወት የአምራቹ አፕ አያስፈልግም። ፈርምዌር (ጆይስቲኩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) ለማደስ ግን ያስፈልግ ይሆናል፤ ለዚያ የጓደኛ አንድሮይድ መዋስ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? መጀመሪያ ዩኤስቢው ጋ። ስልካችንን ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው አስተናጋጁ ኮምፒውተሩ ነው። ጆይስቲክ ስንሰካበት ግን ስልኩ ራሱ አስተናጋጅ መሆን አለበት፣ ኃይልም መስጠት አለበት። ኦቲጂ የምንለው ይሄንን ነው። ለአንድሮይድ ተሠርተው በኋላ ፖስትማርኬትኦኤስ የተባለው የስልክ ሊኑክስ በተጫነባቸው ስልኮች ላይ ይህ መቀያየር አንዳንዴ እምቢ ይላል። ያኔ ጆይስቲኩ ጭራሽ ነፍስ አይዘራም። ሰውየው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል! እንዲህ ባለው ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚሠራውን መግዛት ይሻላል።

ሌላው፣ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ ማለት የናንተ ስልክ ከርነል ሲገነባ ተካቷል ማለት አይደለም። «ስልክ በጆይስቲክ ምን ያደርጋል» ብሎ የተወውን ሰው አልወቅሰውም። ማጣራቱ ቀላል ነው። ኢቪቴስት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። የጆይስቲኩን ቁልፍ ስትጫኑ እሷ ስክሪኑ ላይ የጽሑፍ መስመር ካወጣች ከርነሉ ሥራውን ጨርሷል፤ ቀሪው የጌሙ ጉዳይ ነው።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያናድደው ልምጣ። ጨዋታው ሞቅ ሲል ስክሪኑ ይጠፋል። ለምን? ንክኪንና ኪቦርድን ለስክሪኑ አስተዳዳሪ የሚያደርሰው ሊብኢንፑት የተባለው ክፍል ነው። ሊብኢንፑት ደግሞ ጌምፓድን ሆን ብሎ አይነካም፤ ጌሞች በቀጥታ ከከርነሉ ያነቡታል። ስለዚህ እናንተ ላብ በላብ ሆናችሁ ስትጫወቱ ፎሽ፣ ማለትም ብዙ የሊኑክስ ስልኮች ላይ ስክሪኑን የሚያስተዳድረው፣ የሚያየው ማንም ያልነካውን ስልክ ነው። ደንበኛ ጌም ራሱ «ስክሪኑን አታጥፋ» ብሎ ይጠይቃል። ያልጠየቀ እንደሆነ ከሴቲንግ ውስጥ ስክሪን የሚጠፋበትን ሰዓት አስረዝሙት። ስትጨርሱ መመለሱን አትርሱ፣ በተለይ ፓይንፎን የተባለውን የሊኑክስ ስልክ የያዛችሁ፤ ባትሪውን ታውቁታላችሁ።

ውፍረትም አለ። ፓይንፎን 9.2 ሚሊሜትር ነው፤ ብዙም አያስቸግርም። ሌላው የሊኑክስ ስልክ ሊብረም 5 ግን 15.5 ሚሊሜትር ነው። ለቀጫጭን ስልክ በተሠራ መያዣ ውስጥ በግድ አታስገቡት፤ መሰኪያው ይሰበራል። ለሱ የሚሻለው ተራ የብሉቱዝ ጆይስቲክና ከላዩ የሚታሰር ስልክ መያዣ ነው።

ጌሞቹን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሬትሮአርክ በተባለው ፕሮግራም ላይ የድሮ ኮንሶል ጌሞች፣ ከዚያም ሱፐርታክስ የተባለው ጌም። የፓይንፎን የግራፊክስ ቺፕ ማሊ 400 ከዚህ ብዙ አይጠየቅም። ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር የተሠሩ የስቲም (የኮምፒውተር ጌም መደብር) ጌሞች የስልክ ፕሮሰሰር በሆነው በኤአርኤም ላይ በቀጥታ አይነሱም።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የፖስትማርኬትኦኤስ ዊኪ ላይ የስልካችሁን ገጽ ክፈቱ። ዩኤስቢ ኦቲጂ የሚል ረድፍ ታገኛላችሁ። እዚያ የተጻፈውን አይታችሁ በገመድ ወይስ በብሉቱዝ የሚለውን ወስኑ። ረድፉ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሞክራችሁ ሙሉት። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ።