አንድ ደቂቃ ስንት ሰዓት ይፈልጋል?

የተከበራችሁ የሙዚቃ ደራሲያን፣ ተጫዋቾችና የኮንሰርት አዘጋጆች፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። በመክፈቻ ንግግር ምስጋና ማብዛት የተለመደ ነው። እኔ ግን ምስጋናውን ላሳጥርና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ አጭር ድርሰት በእኛ ዘንድ የሚገባውን ጊዜ እያገኘ አይደለም።

አካሄዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለደራሲው “አንድ ደቂቃ ብቻ ጻፍልን” የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ኖታው ይመጣል። ተጫዋቹ በኮንሰርቱ ዕለት፣ ወንበር እየተደረደረ፣ መብራት እየተሞከረ፣ ሁለቴ ያየዋል። ማታ ድርሰቱ በሁለት ረጃጅም ሥራዎች መሀል ተሸጉጦ ያልፋል። ልምምድ ይጨመርለት ሲባል መልሱ “አጭር ናት እኮ፣ ትደርሳለች” ነው። ዛሬ የምከራከረው ከዚህች “ትደርሳለች” ከምትባል ቃል ጋር ነው።

ሒሳቡን እንየው። 12 ደቂቃ በሚፈጅ ሥራ የመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች ቢበላሹ ከጠቅላላው አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ቀሪው ሙዚቃ ያስረሳቸዋል። በ40 ሰከንድ ድርሰት ግን እነዚያው 5 ሰከንዶች የድርሰቱ አንድ ስምንተኛ ናቸው። ጣት እስኪሞቅ፣ ጆሮ እስኪለምድ፣ አዳራሹ ጸጥ እስኪል የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። አጭር ድርሰት ሲበላሽ ሙሉ በሙሉ ነው የሚበላሸው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ኦስትሪያዊው ደራሲ አንቶን ቬበርን ለስትሪንግ ኳርቴት፣ ማለትም ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ፣ የጻፋቸውን ስድስት ባጋቴሎች፣ ስድስት አጫጭር ድርሰቶች፣ ታውቋቸዋላችሁ። አራቱን እ.ኤ.አ. በ1911፣ ሁለቱን በ1913 ነው የጻፋቸው። እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 13 ሜዠር (ምት የሚቆጠርባቸው የኖታ ክፍሎች) ናቸው፤ ስድስቱ ተደምረው አራት ደቂቃ አካባቢ ይፈጃሉ። ቬበርን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቪየና ውስጥ በሰጣቸው ትምህርቶች ላይ አጻጻፉን ገልጾታል። በረቂቅ ደብተሩ በፒያኖ አንድ ኦክታቭ ውስጥ ያሉትን አሥራ ሁለቱን ድምፆች ይደረድራል፤ አንዱን በተጠቀመ ቁጥር ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ ድርሰቱም ያለቀ ሆኖ ይሰማው ነበር። በአሥራ ሁለቱ ድምፆች የመጻፍ ሕጉ ገና አልተገኘም፤ ጆሮው ግን ቀድሞ ደርሶበታል። ልብ በሉ! ይህ ሰው ድርሰቱን ያሳጠረው ሰዓት እያየ አይደለም። የሚለውን ብሎ ስለጨረሰ ነው።

እስቲ ተጫዋቾቹን ደግሞ አስቧቸው። አብዛኛውን የሚጫወቱት ሶርዲኖ፣ ማለትም የድምፅ ማፈኛ፣ ገጥመው ነው። አንዱ ድምፅ በቀስት፣ ቀጥሎ ያለው በጣት፣ ከዚያ ደግሞ ቀስቱ ክሮቹን ወደሚሸከመው ድልድይ ተጠግቶ፤ ያውም ባብዛኛው ከሹክሹክታ በማይበልጥ ኃይል። ቀስት ድልድዩ ጥግ ላይ እንዲህ ቀለል ተደርጎ ሲሳብ ዋናው ድምፅ ከድቶ ፉጨት ብቻ ሊወጣ ይችላል። ያንን ማስተካከል የፍጥነት፣ የክብደትና የቦታ ጉዳይ ነው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ለውጥ አለው። አራቱ ተጫዋቾች በየሜዠሩ የመግቢያ ምልክት የሚሆነውን ትንፋሽ ማን እንደሚሰጥ መስማማት አለባቸው፤ መሪነቱ በየሁለት ድምፁ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋልና። አንዱ የራሱን መስመር ብቻ አጥንቶ ከመጣ ሙዚቃው የተበታተነ ጠብታ ይሆናል። ያን ጊዜ አድማጩ “ይህ ምኑ ሙዚቃ ነው?” ቢል አይፈረድበትም። ሙዚቃውን የተጫወተለት የለማ!

እነዚህ አራት ደቂቃዎች መድረክ ያገኙት ደግሞ በ1924 ነው። በጀርመኗ ከተማ ዶናውኤሺንገን የተጫወታቸው አማር ኳርቴት ሲሆን ቪዮላውን የያዘው ፓውል ሂንደሚት ነበር። ኖታው በዚያው ዓመት ሲታተም መቅድም የጻፈለት የቬበርን መምህር፣ ደራሲው አርኖልድ ሾንበርግ ነው። ያለው በአጭሩ ይህ ነው፤ እያንዳንዱን እይታ ወደ ግጥም፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ ወደ ልቦለድ መለጠጥ ይቻላል፤ ልቦለድን በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ደስታን በአንድ ትንፋሽ መግለጥ ግን ለራስ ማዘንን የተወ ሰው ሥራ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የተጠበቀን፣ በእንዲህ ዓይነት ቃል የታጀበን የድርሰት ዓይነት ነው እኛ ወንበር እየተደረደረ የምንለማመደው። ያሳፍራል!

“ሾንበርግ ራሱ ከስድስቱ ትንንሽ የፒያኖ ድርሰቶቹ አምስቱን በአንድ ቀን ጽፎ የለም ወይ?” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1911። መጻፍ በአንድ ቀን ያልቅ ይሆናል፤ መጫወት ግን አያልቅም። ስድስተኛውን እዩት። የተጻፈው ጁን 17፣ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር በሞተ በወሩ ነው፤ 9 ሜዠር ብቻ። ቀኝ እጅ የሦስት ድምፅ ኮርድ በለሆሳስ ይነካና ይዞ ይቆያል፤ እሱ ሳይለቀቅ ግራ እጅ ሌላ የሦስት ድምፅ ኮርድ ከሥሩ ያስገባል። ክር የሚመቱ ስድስት የፒያኖ መዶሻዎች ማለት ነው። ሦስቱ እኩል ካልመቱ ኮርዱ ተሰንጥሮ ይሰማል፤ አንዱ ጭራሽ ካልተናገረ መጠገኛ የለውም። ስለዚህ ከኮንሰርቱ በፊት የፒያኖ ቃኚው እነዚያን ቁልፎች ድምፁ ሊጠፋ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎ አንድ በአንድ መሞከር አለበት። ተጫዋቹም ቤቱ ባለው ሳይሆን በዚያው ፒያኖ፣ በዚያው አዳራሽ ይለማመድ። መጨረሻው ላይ “በለሆሳስ” የሚለው የp ምልክት አራት ጊዜ ተደርድሯል፤ እንደ ትንፋሽ ይሁን ይላል ኖታው። የአዳራሹ የአየር ማቀዝቀዣ እያጉረመረመ ከሆነ እነዚያ የመጨረሻ ድምፆች እንደሌሉ ቁጠሯቸው። ማቀዝቀዣውን አስጠፉ።

ደራሲያንም ከወቀሳው አታመልጡም። በደቂቃ 60 ምት፣ በሜዠር አራት ምት (4/4) ለሚጽፍ ሰው 60 ሰከንድ ማለት 15 ሜዠር ነው። ብዙዎች 15ቱንም ይሞላሉ። ድምፅን ከልኩ በላይ የሚያስቆየው ፌርማታ፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ፣ የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ ያለው ጊዜ የት ገባ? የፒያኖ ወፍራም ድምፅ በፔዳል ተይዞ ከ10 ሰከንድ በላይ ሊቆይ ይችላል። 12 ሜዠር ጻፉና ቀሪውን ለአየሩ ተዉለት። ቫዮሊን ሶርዲኖውን ያለ ኮሽታ ለመግጠም ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ትሮምቦን ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ የእረፍት ምልክት ካልሰጣችሁት ከየት ያመጣዋል? እንግዳ የሆነ ድምፅ ካስገባችሁ ሁለት ጊዜ አሰሙን። መጀመሪያ ሲሰማ ስህተት ይመስላል፤ ሲደገም ነው ሆን ተብሎ የተጻፈ መሆኑ የሚታወቀው። የምልክት ማብራሪያው ሦስት ገጽ፣ ሙዚቃው ግማሽ ገጽ ከሆነ ተጫዋቹ ጊዜውን የሚጨርሰው በንባብ ነው። የረጅም ሥራችሁን መግቢያ ቆርጣችሁ አጭር ድርሰት ነው ብላችሁ አትላኩ፤ መቆረጡ ይሰማል።

አዘጋጆች፣ ለእናንተም አለኝ። አሥር ደራሲ፣ አሥር ዓይነት የመሣሪያ ስብስብ ትጠራላችሁ። መድረክ ለመቀየር ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ብንይዝ ለአሥር ደቂቃ ሙዚቃ ሃያ ደቂቃ ወንበር ሲጎተት እንሰማለን። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ሲክስቲ ባይ ሲክስቲ የተባለው ዝግጅት ይህን ገና ከጅምሩ ፈትቶታል። የ60 ደራሲያን 60 የተቀዱ ሥራዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ60 ሰከንድ የማይበልጡ፣ ከሰዓት ጋር ተያይዘው በአንድ ሰዓት ይሰሙ ነበር፤ መድረክ ለመቀየር ሰው መነሣት አላስፈለገውም። የሃንጋሪያዊው ደራሲ የጂዮርጂ ኩርታግ፣ በጸሐፊው ካፍካ ጽሑፎች ላይ የተሠሩት “የካፍካ ቁርጥራጮች”ም 40 ናቸው፤ አንድ ሶፕራኖና አንድ ቫዮሊኒስት አንድ ሰዓት አካባቢ መድረኩን ይይዙታል። መሣሪያውን አንድ አድርጉ፤ ጊዜው ለሙዚቃው ይተርፋል።

አጭር ድርሰት የኮንሰርት ምርቃት፣ ማለትም ከጭብጨባ በኋላ የሚጨመር ትርፍ ሥራ፣ ሆኖ መቅረቱም ይብቃ። ቫዮሊኒስቷ ሂለሪ ሀን ምርቃቱን ራሱን ቁም ነገር አድርጋዋለች። ለ26 ደራሲያን ሥራ ሰጠች፣ 27ኛውን ከ400 በላይ ተወዳዳሪዎች ከቀረቡበት ውድድር መረጠች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አልበም አድርጋ አወጣችው።

ክፍያም በደቂቃ አይቆጠር። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢያንስ 45 ደቂቃ ልምምድ ይመደብ፤ ከዚያ ውስጥ 15ቱ በአዳራሹ፣ ደራሲው ባለበት።

ዛሬ ማታ ስምንት ድርሰቶች ይቀርባሉ፤ ሁሉም ለቫዮሊንና ለቼሎ ናቸው። ረጅሙ 90 ሰከንድ፣ አጭሩ 35 ሰከንድ ነው። ስምንቱም ከዳር እስከ ዳር ከቀረቡ በኋላ በዚያው ቅደም ተከተል ይደገማሉ። በየመሀሉ አታጨብጭቡ፤ ቀስቶቹ ከጉልበት በታች እስኪወርዱ ጠብቁ። የአየር ማቀዝቀዣው ከሩብ ሰዓት በፊት ጠፍቷል፤ ስለዚህ ኮት የደረባችሁ አሁኑኑ አውልቁ፤ ከተጀመረ በኋላ ኮሽታው ይሰማል።