ጥንድ ጃክ ይዤ የጣልኩበት ማታ

ሰላም ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጬ በስልኬ ነው የምቀዳው፣ ስለዚህ ወፎቹ ከኔ በላይ ካወሩ ታገሱኝ። ከኋላዬ የባጃጅ ድምፅም አለ፣ እሱን ምንም ላደርገው አልችልም።

ወሬዬ ስለ ካርታ ነው። እማዬ፣ ይሄን የምትሰሚ ከሆነ እዚህ ጋ አቁሚው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ ቤት አሥር ሆነን ፖከር ተጫወትን። እኛ ሠፈር ድሮ ካርታ ማለት ኮንከር ነበር። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አንድ ሳጥን ቺፕ፣ ማለቴ በብር ፋንታ የምንወራረድበትን ክብ ፕላስቲክ፣ ይዞ መጣና በዚያው ቴክሳስ ሆልደም ለመድን። ለማታውቁት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፣ መሐል ላይ ለሁሉም የሚሆን አምስት ካርታ ይገለጣል፣ ከሰባቱ ምርጥ አምስት የሠራ ይበላል። በየመሐሉ ትወራረዳለህ ወይ ካርታህን ትጥላለህ። በቃ።

እያንዳንዳችን 200 ብር አዋጣን፣ 2,000 ሆነ። አንደኛ 1,000፣ ሁለተኛ 600፣ ሦስተኛ 400። አራተኛ ምንም። ይቺን «ምንም» ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ አራት ቀረን። ጠረጴዛው ላይ 50,000 ቺፕ አለ፣ እና የሚገርመው አራታችንም እኩል ነን ማለት ይቻላል፣ ወደ 12,500 ወደ 12,500። ካርታ ታደለ። ቀስ ብዬ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጃክ ጃክ! ልቤ ድው አለ። ተራዬ ሳይደርስ ግን ከፊቴ ያለው ልጅ ቺፑን በሙሉ በሁለት እጁ ገፋና «ኦል ኢን» አለ። ይሄ ልጅ ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ዝምተኛ፣ ማታውን ሙሉ ቺፕ ያስገባው ሦስት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ገፋና ለስላሳውን አንስቶ ተጎነጨ።

እጄ ላብ በላብ ሆነ።

ጥንድ ጃክ ከማንኛውም ዝም ብሎ ከታደለ ካርታ ጋር ቢገናኝ ከ100 ወደ 77 ጊዜ ይበላል። ግን ይሄ ሰው ዝም ብሎ የታደለውን ሁሉ አይገፋም። አስና ኪንግ ወይም አስና ኪው ከያዘ ከ100 ወደ 55 ጊዜ ነው የምበላው፣ ሳንቲም እንደመወርወር። ጥንድ አሥር ከያዘ ወደ 80። ከኔ የሚበልጥ ጥንድ ከያዘ ደግሞ 20 እንኳ አልሞላም። ይሄን ሁሉ አደባልቄ ሳስበው፣ ከግማሽ ብዙም የሚርቅ አይመስልም።

ግማሽ ከሆነ ምን ችግር አለው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያን ሰዓት እንደዛ አልኩ። የሆነ ነገር ግን ሆዴን ቆረጠኝ። ሒሳቡን ቁጭ ብዬ በወረቀት የሠራሁት እሑድ ጠዋት ነው፣ አልዋሻችሁም።

አራታችን እኩል ስለሆንን የእያንዳንዳችን ድርሻ 500 ብር ነው። ኮል ባደርግ፣ ማለትም እኩል ቺፕ አስገብቼ ብገጥመውና ብበላ፣ ቺፔ እጥፍ ይሆናል፣ 25,000። ብሩስ? 1,000 አይሆንም! ሦስት ሰው እንቀራለን። አንደኛ የመውጣት ዕድሌ ግማሽ፣ ሁለተኛ አንድ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ አንድ ስድስተኛ። ሲደመር ወደ 767 ብር። ብበላ 267 ብር እጨምራለሁ፤ ብሸነፍ ግን 500 ከእጄ ይወጣል። እንዳልከስር ከ100 ወደ 65 ጊዜ ማሸነፍ አለብኝ። 55 አይበቃም!

የቀረው ብር የት ገባ? እዚህ ጋ ነው እኔ የሳቅኩት። እኔና አስተማሪው ስንፋለም ካርታቸውን ጥለው ቁጭ ያሉት ሁለቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ወደ 117 ብር ያተርፋሉ። አንዱ እንዲያውም ስልኩን እየነካካ ነበር።

ይሄ የስሌት መንገድ አይሲኤም ይባላል፣ ሜሰን ማልሙዝ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው ለፖከር ያመጣው። ገፍቶ ሲሄድ ያስቃል። ለምሳሌ ለአሥር ሰው እኩል የትልቅ ውድድር መግቢያ ትኬት የሚሰጥ ውድድር ላይ አሥራ አንድ ሰው ቀርቶ ያንተ ቺፕ ብዙ ከሆነ፣ ጥንድ አስ እንኳ መጣል ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥንድ አስ!

ሌላም ነገር አለ። መግፋትና ኮል ማድረግ አንድ አይደሉም። የሚገፋው ሁለት መንገድ አለው፣ ወይ ሁላችንም ፈርተን እንጥላለን ወይ ካርታው ይበላል። እኔ ያለኝ አንድ መንገድ ብቻ ነው። አስተማሪው ይሄን አሳምሮ ያውቃል፣ ለዚህ ነው ለስላሳውን እንደዛ ተረጋግቶ የጠጣው።

የእናቴ ወንድም ድሮ ከዘጌ በታንኳ እንጨት እየጫነ ባሕር ዳር ያመጣ ነበር። ንፋስ ካለ አይነሳም። ሌሎቹ ሲቀዝፉ እሱ ዳር ቁጭ ብሎ «እንጨቱ ነገም እንጨት ነው» ይላል። ያን ሰዓት ትዝ አለኝ። (ካርታ ጨዋታ ውስጥ እንዳስገባሁት ቢሰማ ዱላውን ይዞ ነው የሚመጣው።) ግን የሱ እንጨት ቆሞ አያልቅም፣ የኔ ቺፕ ያልቃል። ብላይንዱ፣ ማለትም ካርታ ሳይታይ በየተራ በግድ የሚገባው ቺፕ፣ 500 እና 1,000 ደርሷል፣ አንድ ዙር 1,500 ይወስዳል። ስምንት ዙር ዝም ካልኩ አለቅኩ። ስለዚህ ሁልጊዜ መጣል ብልህነት ነው እያልኩ አይደለም፣ አስተማሪው ቦታ ብሆን እኔም እገፋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 ጃክ ስትራውስ የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ላይ አንድ ቺፕ ብቻ ቀርቶት ተነስቶ እንዳሸነፈ ይተረካል። ደስ ይላል። እኔ ግን አንድ ቺፕ ቀርቷቸው ወደ ቤታቸው የሄዱት ስንት እንደሆኑ ነው የማስበው፣ ስለነሱ ማን ያወራል?

ጣልኩት። ገልጬ ነው የጣልኩት፣ እንዲያዩልኝ። «ወይኔ! ጃክ ጃክ?» ተባለ፣ ተሳቀብኝ፣ ፈሪ ተባልኩ። ሌሎቹም ጣሉ። ከጥቂት ዙር በኋላ ያ ስልክ የሚነካካው ልጅ አራተኛ ሆኖ ወጣ። እኔ ሦስተኛ ሆንኩ፣ 400 ብር። መዋጮዬ ሲቀነስ ትርፌ 200።

አስተማሪው ምን ይዞ እንደነበር ማታውን ሙሉ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ትናንት ጣና ዳር ዓሳ ቤት አገኘሁት።

«የዓሳውን ከፈልክ እነግርሃለሁ» አለኝ።

ከፈልኩ። ትርፌ እዚያው ቀለጠ። እጁን ታጥቦ፣ ቆሮሶውን ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ አጥንቱን ለድመቷ ወርውሮ ሲያበቃ፣

«ሁለትና ሰባት» አለኝ። በሆልደም ከዚህ የባሰ ካርታ የለም!

ዓይኑን አየሁት። ፊቱ ልክ እንደዚያን ማታው ነው። እስካሁን አላመንኩትም።