ባዶ ከባዶ ሲገጥም

እሺ፣ ኮፒ ከዋናው ፋይል ጋር አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ሀሽ (ከፋይሉ ባይቶች የሚሰላ አጭር መለያ) ስናወዳድር ወደምታታልለን ወደ አንዲት ሀሽ ልመለስ ነው። ኢ 3 ቢ 0 ሲ 442 ብላ የምትጀምረዋ፤ አልለቀቀችኝም። ባዶ ይዘት (ዜሮ ባይት) ሻ-256 በሚባለው የሀሽ ስሌት ሲሰላ የምትወጣው እሷ ናት፣ በየትኛውም ማሽን፣ በየትኛውም ቋንቋ።

ቀስ ብለን እንየው። ፓይተን ላይ ዋናውን ፋይል ከፈታችሁት። ይዘቱን ለማየት አንዴ ሪድ (አንብብ) አላችሁ፤ ንባቡ የደረሰበትን የሚይዘው ጠቋሚ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ከዚያ ያንኑ የተከፈተ ፋይል ሀሽ ለሚያሰላው የፓይተን ላይብረሪ፣ ለሀሽሊብ፣ ሰጣችሁት። የሚነበብ አንድም ባይት የለም። ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ የሚያነበው ሉፕ ሳይዞር ያበቃል፣ ሀሹን በጽሑፍ የሚያወጣው ሄክስዳይጀስት ግን 64 ምልክቱን አሳምሮ ያወጣል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ኮፒው ላይም ያው ኮድ ሮጠ፣ ያችው ሀሽ ወጣች፣ ፕሮግራሙም «ገጥሟል» አለ። ምኑ ከምኑ ጋር? ኮፒው እኮ ግማሹ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል!

ከመሰላቱ በፊት ሲክ ዜሮ (ጠቋሚውን ወደ መጀመሪያው መልስ) ማለት ይበቃል። እኔ ግን ፋይሉን ለሀሹ ብቻ እንደ አዲስ መክፈቱን እመርጣለሁ፤ የተነበበውን ባይት ቆጥሮ ከፋይሉ መጠን ጋር ማስተያየትም አይከፋም። ፓይተን 3.11 ላይ የመጣው ፋይል ዳይጀስት የሚባል ፋንክሽን ሉፑን ራሱ ይሠራዋል፣ ዲስክ ላይ ያለን ፋይል ግን ወደ መጀመሪያው አይመልስላችሁም፤ ጠቋሚው ከቆመበት ነው የሚቀጥለው።

ሉፑን ራሳችሁ ከጻፋችሁት 65536 ባይት እያነበባችሁ አፕዴት (ቁራጩን ወደ ስሌቱ ጨምር) በሉ። ቁራጩ ቢያንስም ቢበዛም ውጤቱ አይለወጥም፤ ትልቁን ፋይል በአንዴ ካነበባችሁት ግን ራሙ ያልቃል። አከፋፈቱ ደግሞ ባይቱን እንዳለ በሚያነበው በ«አርቢ» ይሁን። በቴክስት ከከፈታችሁት አፕዴት ጽሑፍ አልቀበልም ይላል፤ ጽሑፉን ኤንኮድ አድርጋችሁ (ወደ ባይት መልሳችሁ) ስታልፉት ዊንዶውስ ላይ የተጻፈው ፋይል የመስመር መጨረሻው ከሁለት ባይት ወደ አንድ ወርዷል። ሀሹ ከማንም ጋር አይገጥምም።

የቆየው የሀሽ ስሌት ኤምዲ5ስ? በድንገት የተበላሸ ፋይል ለመያዝ ዛሬም ይሠራል። ሆን ብሎ የሚያጭበረብር ካለ ግን አይሆንም፤ ግጭቱ (ሁለት የተለያዩ ይዘቶች አንድ ሀሽ ማውጣታቸው) በ2004 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ሌላው የቆየ ስሌት ሻ-1ም በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች አንድ ሀሽ ሲያወጡ አበቃለት።

ግን... ሻ-256ም ቢሆን፣ ሀሹ ከፋይሉ ጎን እዚያው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ፣ ፋይሉን የቀየረ ሰው ሀሹን መቀየር ምን ያቅተዋል? ዲጂታል ፊርማ (የፋይሉ ባለቤት በምስጢር ቁልፉ የሚያኖረው ማረጋገጫ) ይሻላል፣ አዎ። ፊርማውን የምናረጋግጥበትን ቁልፍስ ከየት አመጣነው? ከዚያው ሰርቨር ከሆነ... አላውቅም፣ ይሄኛው ገና...