አራት ቁጥሮችና አንድ ኬሻ ቡና

ወደ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል የተመደባችሁ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ለማድረስ ከሩቅ የመጣችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ላኪ መጋዘን ወለል ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደኅናው ስትለይ ትውላለች። የሚከፈላት በለቀመችው ኬሻ ልክ ነው። ማታ ስትገባ የጥሬ ቡናው አቧራ ከነጠላዋ አይለቅም ነበር። አንድ ቀን "ይህ ሁሉ የት ይሄዳል?" አልኳት። "ፈረንጅ አገር" አለችኝ። "እነሱስ ምን ይሰጡናል?" ስላት ዝም አለች። ዓለም አቀፍ ንግድን የተማርኩትም የማስተምረውም በዚያ ጥያቄ የተነሳ ነው።

ተማሪ ሳለሁ አገሮች ለምን እንደሚነግዱ የሚያስረዳውን የእንግሊዛዊውን የኢኮኖሚ ሊቅ የሪካርዶን ሰንጠረዥ ሸምድጄ ፈተናውን አልፌ ነበር። ነገሩ የገባኝ ግን ከዓመት በኋላ፣ ቁጥሮቹን በእርሳስ ራሴ ስሠራቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ አብረን እንሥራቸው።

ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት የተጠቀመው በአራት ቁጥሮች ብቻ ነው። እንግሊዝ የተወሰነ መጠን ያለው ጨርቅ ለመሥራት የ100 ሰዎች የዓመት ጉልበት ያስፈልጋታል፤ ወይን ለመጥመቅ 120። ፖርቱጋል ያንኑ ጨርቅ በ90፣ ወይኑን በ80 ሰዎች ትሠራለች። በሁለቱም የምትበልጠው ፖርቱጋል ናት። ታዲያ ከእንግሊዝ ምን ትፈልጋለች? ፖርቱጋል በ80 ሰዎች የጠመቀችውን ወይን ሰጥታ፣ ራሷ ብትሠራው 90 ሰው የሚፈጅባትን ጨርቅ ታገኛለች፤ የ10 ሰዎች ጉልበት ተረፋት። እንግሊዝ በ100 ሰዎች የሠራችውን ጨርቅ ሰጥታ 120 ሰው የሚፈጅባትን ወይን ትወስዳለች፤ 20 ተረፋት። በሁሉም ነገር የሚበልጥ አገር እንኳ መነገዱ ያዋጣዋል። ንጽጽራዊ ብልጫ የምንለው ይህንን ነው። የሚለካውም አንዱን ለመሥራት ከሌላው በምትተዉት መጠን ነው። እስከ ዛሬ ባስተማርኩት ነገር ሁሉ ከዚህ የሚያምር አላገኘሁም።

ነገር ግን ጨርቁና ወይኑ ከየት መጡ? ሪካርዶ ከመጻፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1703፣ ሁለቱ አገሮች ውል ተፈራርመው ነበር። የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ ፖርቱጋል እንዲገባ፣ የፖርቱጋል ወይንም እንግሊዝ ሲገባ ከፈረንሳዩ በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ቀረጥ እንዲከፍል ተስማሙ። ፖርቱጋል በንግዱ የሚጎድላትን ከብራዚል በሚመጣ ወርቅ ትሞላው ነበር፤ ወርቁን የሚቆፍሩትም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። የሪካርዶ ስሌት ትክክል ነው፤ አምናበታለሁ። የሚነግራችሁ ግን የዚህን ዓመት ጥቅም ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የጨርቅ ሥራ ፋብሪካና መሐንዲስ ሲወልድ፣ የወይን ሥራ ምን እንደሚወልድ በአራቱ ቁጥሮች ውስጥ አታገኙትም።

ወደ እናቴ ኬሻ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1950 ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ምርት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በረጅም ጊዜ ወደ ታች ያዘነብላል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት፣ ማለትም እያንዳንዱ ላኪ አገር የሚሸጠውን መጠን የሚወስነው አሠራር፣ ሲፈርስ ግን የቡና ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወደቀ። ገበሬው ያለማው ቡና ያው ነበር፤ ለቃሚዋም የለቀመችው ያንኑ ነበር።

ጀርመን አንድም የቡና ዛፍ ሳይኖራት ቡና ቆልታ ለዓለም ትሸጣለች። ይህን ስናገር ብዙዎቻችሁ "ቀረጥ አስረውብን ነው" ትሉኛላችሁ። በዚህ አልስማማም፤ መረጃውን እዩት። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ 7.5 በመቶ ቀረጥ ይጥላል፤ ጥሬውን ያለ ቀረጥ ያስገባል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች ግን ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም ያለ ቀረጥ ይገባል። በሩ ክፍት ነው። ታዲያ የተቆላ ቡናችን ለምን እንደ ጥሬው አይጎርፍም? ጥሬ ቡና ለወራት ይቆያል፤ የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ ሽታው ይጠፋል። ትልልቆቹ ቆሊዎች የብዙ አገር ቡና ይቀላቅላሉ። የሱቅ መደርደሪያ፣ የታወቀ ስም፣ የማሸጊያ ጥራት፣ ርካሽ ብድር፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃሉ። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው ስም ራሱ ዋጋ እንዳለው ስለተረዳ ነው። ይህን ጉዳይ ቁጣ ብቻውን አይፈታውም፤ መቁጠርና መመርመር የሚችሉ ሰዎች ያስፈልጉታል። እናንተን የምፈልጋችሁ ለዚህ ነው።

ከሪካርዶ በኋላ ስለ ንግድ የጻፉትን ሊቃውንት፣ ሄክሸርንና ኦህሊንን፣ ክሩግማንንም፣ በየተራቸው እናገኛቸዋለን። ስሌት የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ቢሮዬ ድረስ ኑ፤ እኔንም አስፈርቶኝ ነበር።

ሰኞ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስትመጡ እርሳስና ወረቀት ያዙ። በሰፈራችሁ ሱቅ የአንድ ኪሎ ጥሬ ቡናና የአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ዋጋ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከቤት የመጣችሁ ደግሞ ያልተለቀመ ጥሬ ቡና ካላችሁ አንድ እፍኝ አምጡ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንለቅመዋለን፤ አንድ ኬሻ ለመልቀም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም ከዚያው እናሰላለን።

አመሰግናለሁ።